ከቡፌው ኋላ ያለው ግድግዳ

ሾላ፣ ሰኔ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ነአምኔ፣

ሰላም ብዬህ ሳልጨርስ ስለ ቤቱ ልትጠይቀኝ እንደምትቸኩል ስለማውቅ ሰላምታውን አሳጥሬዋለሁ፤ ሁለታችንም ደህና ነን፣ ትሕትና ፈተናዋን ጨርሳለች፣ ናፍቀኸናል። ሹፌሩ ገረሱ ደብዳቤህን ጉርድ ሾላ ቢሮዬ ድረስ ይዞልኝ መጣ። እናንተ ካምፕ ኔትወርክ ከጠፋ ወዲህ መለዋወጫ ዕቃ በሚያመላልስ መኪና ደብዳቤ የምንላላክ ባልና ሚስት መሆናችንን ሰምተው የቢሮ ልጆች ይስቁብኛል። መቅደላዊት "ባልሽ መንገድ የሚሠራው በጃንሆይ ጊዜ ነው እንዴ?" አለችኝ። እኔም ሳቅሁ፣ ምን ላድርግ።

አዎ፣ ቤቱን አየሁት። ከፈረንሳይ ሰፈር ሽቅብ ነው፤ አስፋልቱ አልቆ ኮብልስቶኑም ካለቀ በኋላ፣ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ከሚጀምርበት ትንሽ ዝቅ ብሎ። ሳሎኑ ጀርባውን ለጋራው ሰጥቷል፣ መኝታ ክፍሉ ወደ መንገዱ ያያል፣ በረንዳው ላይ ሲቆሙ ከተማው በሙሉ ከእግር በታች ነው። ከኋላ ጋራውን የያዘ የድንጋይ ግንብ አለ። ባለቤቷ ወይዘሮ የማርያምወርቅ ይባላሉ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው፣ ልጅም አልወለዱም። ደላላው አምባዬ "ይሄ ቤት አይደለም፣ ርስት ነው" እያለ ጆሮዬን በላው። ደላላ የማያምር ቤት አይቶ አያውቅም።

ግድግዳውን አንኳኳሽ ወይ፣ ከኋላ ዞረሽ ግንቡን አየሽ ወይ ብለሃል። እውነቱን ልንገርህ፣ አላየሁም። ጫማዬን ጠርጌ ሳልጨርስ እጄን አስታጠቡኝ። የሰኔን ጾም የሚጾሙ ሴት ናቸው፤ ስልጆውን፣ የተልባ ፍትፍቱን፣ የሽምብራ ዓሣውን ደርድረው ነው የጠበቁኝ። "ወንድም እህት የለሽም? ታዲያ ማን ያጉርስሽ" ብለው በእጃቸው አጎረሱኝ። አንተ መሐንዲስ ነህ፣ እስቲ ንገረኝ፤ የሰው ጉርሻ አፏ ውስጥ ያለ ሴት በምን አፏ "ግድግዳዎን ላንኳኳው" ትላለች?

ያየሁትን ግን ልጻፍልህ። ሳሎኑ ነጭ ቀለም ተቀብቷል፣ ገና ይሸታል። በጋራው በኩል ባለው ግድግዳ ላይ አንድ ትልቅ የድሮ ቡፌ ቆሟል። ሟቹ ሰውዬ ለሠርጋቸው ያሠሩላቸው ነው፤ ቁመቱ ኮርኒሱ ሊደርስ ትንሽ ነው የቀረው። ወለሉ ደህና ይመስላል። አሸንዳው ዝጓል።

አንድ ቅዳሜና እሁድ ብቻ ብትመጣ ሁሉንም በራስህ ዓይን ታየው ነበር። ለምን እንደማትመጣ በደንብ አልገባኝም። ሌላው ሰው ፈቃድ ያገኛል፣ አንተ ብቻ ነህ እንዴ ያንን መንገድ ተሸክመህ የቆምከው?

ያንተው ሒሩት

*

ከካምፕ፣ ሰኔ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሒሩቴ፣

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ተልባ ፍትፍቱ ጋ ስደርስ ሳቄ መጣ፣ ቡፌው ጋ ስደርስ ጠፋ። ጽሑፌ ከተንጋደደ ይቅር በይኝ፣ ደህና ጠረጴዛ የለኝም። ስለ ፈቃዱ የጠየቅሽኝን አሁን አልመልስልሽም፤ መምጣት አልችልም፣ እመኚኝ፣ ብችል በእግሬም ቢሆን እመጣ ነበር።

ፈርቻለሁ። እንዲህ ብዬ ጽፌልሽ እንደማላውቅ አውቃለሁ፤ ግን ከጋራ ሥር ያለ ቤት፣ ከግድግዳዎቹ ሁሉ በጋራው በኩል ያለው ላይ የተተከለ ትልቅ ዕቃ፣ ክረምት ሲገባ የተቀባ ቀለም፣ ሦስቱን አንድ ላይ ሳስባቸው እንቅልፍ አልወስድ አለኝ። ቤት በበጋ ሁሉም ያምራል። ጋራ ዝም ብሎ የቆመ ይመስልሻል እንጂ በክረምት ይጠጣል፣ ሲጠጣ ይከብዳል፣ ሲከብድ የሚደገፍበት ይፈልጋል። የሚደገፈው በእነዚያ ድንጋዮች ላይ ነው።

ስለዚህ ዝናብ ሲዘንብ ተመልሰሽ ሂጂ። ጃንጥላ ይዘሽ ከኋላ ዙሪና ግንቡን እዪው። በየቦታው ትንንሽ ቀዳዳ ይኖረዋል፤ የጋራው ውሃ እንዲወጣባቸው የተተዉ ናቸው፤ እየዘነበ ውሃ ሲወርድባቸው ማየት አለብሽ። ግንቡ ሆዱን ነፍቶ እንደሆነ በጎን ቆመሽ እዪ። ከላይ ያሉት ባሕር ዛፎች ቀጥ ብለው ቆመዋል ወይስ ወደ ቤቱ ዘንበል ብለዋል? ወደ ውስጥ ግቢና በሮቹን ክፈቺ ዝጊ፣ የሚይዝ በር ካለ ቤቱ ተንቀሳቅሷል ማለት ነው። የትሕትናን ብይ ወለሉ ላይ አስቀምጪና ወዴት እንደምትሄድ ተመልከቺ። ልስኑን በጣትሽ መታ መታ አድርጊ፣ ባዶ ድምፅ የሚሰጥ ቦታ ከውስጥ ተላቋል።

ቡፌውንም አስነሺው። ሴትዮዋ ይቀየማሉ ብለሽ እንደምታስቢ አውቃለሁ። ይቀየሙ። ይሉኝታ ግድግዳ አይደግፍም። ያጎረሱሽ እጅ መልካም እጅ ሊሆን ይችላል፣ ከኋላው ያለው ግን ጋራ ነው።

ትሕትናን ሳሚልኝ።

ነአምን

*

ሾላ፣ ሰኔ 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ነአምኔ፣

ያስፈራኸኝ ይበቃል ብዬ ልቆጣህ ነበር፣ አሁን ግን እኔም አንተን ላስፈራህ ነው መሰለኝ።

ቅዳሜ ትሕትናን ይዤ ሄድኩ። በባዶ እጄ እንዳልገባና እንደ በፊቱ በጉርሻ እንዳልታሰር ብዬ ከሾላ ገበያ ምስርና በርበሬ ገዝቼ ነበር። ብልህ ነኝ ብዬ ነበር እኮ። እሳቸው ምስሩን ሲያዩ እንባቸው መጣ፣ ያንኑ ምስር ሠርተው አበሉኝ። ዝናቡ ደግሞ አላሳፈረኝም፣ ገና ከታክሲ ስንወርድ ያዘን።

ለሽንት ቤት ብዬ ወጣሁና ከኋላ ዞርኩ። ቀዳዳዎቹ አሉ፣ እንዳልከው። ዝናቡ ጃንጥላዬን ሊሰብረው ደርሷል፣ እነሱ ግን ደረቅ ናቸው፤ አንዷ እንኳ አታንጠባጥብም። ግንቡ መሃሉ ላይ ወደ ቤቱ ወጣ ያለ መሰለኝ፤ ወይ አንተ ስለነገርከኝ ነው፣ አላውቅም። ዛፎቹን ቀና ብዬ ለማየት አልቻልኩም፣ ዝናቡ ዓይኔ ውስጥ ይገባል። እግሬ ሥር ያለው አፈር ለስላሳ ነበር፣ ጫማዬን ስነቅለው ድምፅ አወጣ። እዚያ ብዙ አልቆየሁም፤ ለምን እንደሆነ ሳላውቅ ሮጥኩ።

የሳሎኑ በር ይይዛል። በትከሻ ነው የሚዘጋው። "ክረምት ሲገባ እንጨት ያብጣል" አሉኝ፣ እውነትም ያብጣል አይደል? ትሕትና ብይዋን ወለሉ ላይ አስቀመጠች። ብይዋ ትንሽ ቆመችና መንከባለል ጀመረች፣ እየፈጠነች ሄዳ ቡፌው ሥር ገባች። ልጅህ በደረቷ ተኝታ እጇን ሰደደች። ብይዋን አላገኘችም፤ እጇ እርጥብ አሸዋ ይዞ ወጣ።

ያን ጊዜ "እትዬ፣ ይሄን ቡፌ ትንሽ ብንገፋው" ብዬ ጀመርኩ፤ ጀመርኩ እንጂ አልጨረስኩም። "ውስጡ የሰውዬው ብርጭቆ ሞልቷል ልጄ፣ ከተነካ ይሰበራል" አሉኝ። የቡፌውን በር በመዳፋቸው ያዙት። እኔም "ይቅር፣ ይቅር" አልኩ። እዚያው እያለን የንስሐ አባታቸው አባ ወልደ ሐዋርያት መጡ። እትዬ ተነሥተው "ቤቴን ለዚህች ልጅ እሰጣለሁ፣ ለሌላ ሰው አላሳይም" ብለው ቃላቸውን ሰጡ። ሁሉም ወደ እኔ አየ። ምን ልበል? እኔም ቃሌን ሰጠሁ። ውሉ ነሐሴ ውስጥ ይሆናል። አትቆጣኝ። ውል እስኪፈረም ጊዜ አለ፣ ያን ጊዜ እንነጋገራለን።

በመጀመሪያው ደብዳቤህ የአከራያችንን ነገር ጠይቀኸኝ ነበር፣ እሱን ሌላ ጊዜ እጽፍልሃለሁ።

ሒሩት

*

ከካምፕ፣ ሐምሌ 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሒሩቴ፣

ይቺን በችኮላ ነው የምጽፍልሽ፣ ገረሱ ሞተር አስነሥቶ እየጠበቀኝ ነው።

ቀዳዳዎቹ ደረቅ ናቸው አልሽኝ። ያ ሁሉ ዝናብ የት ሄደ? ካልወጣ ከግንቡ ኋላ ቆሟል ማለት ነው። ብይዋ ወደ ጋራው መሄዷ ደግሞ ወለሉ በዚያ በኩል እየሰመጠ ስለሆነ ነው፤ አሸዋው ከግድግዳው ውስጥ ነው የመጣው። በሩንም እንጨት አላሳበጠውም።

ለሴትዮዋ የሰጠሽውን ቃል እኔ እመልሰዋለሁ፤ በእኔ አሳብቢና ተቀየሚኝ። ማረጋገጥ ከፈለግሽ አንድ ነገር አድርጊ፤ ከበሩ በላይ ስንጥቅ ካለ ትንሽ ጀሶ በውሃ ለውሰሽ በስንጥቁ ላይ አሻግረሽ ለጥፊበት። ጀሶ አይለጠጥም። ቤቱ የቆመ ከሆነ ጀሶው እንዳለ ይቆያል። ከተሰነጠቀ ቤቱ እየሄደ ነው።

እሱን እስክታዪ ድረስ እዚያ አንድ ሌሊት እንኳ እንዳታድሪ። "ዝናብ ያዘን፣ እደሩ አሉን" የሚባል ነገር አልሰማም። ጋራ ከመውረዱ በፊት ያስታውቃል፤ መጀመሪያ ጠጠር ይንኮሻኮሻል፣ አይጥ ይመስልሻል። ከዚያ ዝም ይላል። ሰው ዝም ሲል "አለፈ" ይላል። ከዝምታው በኋላ ደቂቃ ይሁን ሳምንት ማንም አያውቅም፣ ግን ዝም ሲል ነው መሮጥ። ይህን ከመጽሐፍ አይደለም ያገኘሁት።

ስለ አከራያችን "ሌላ ጊዜ" ያልሽው ምንድን ነው? በዚህ ደብዳቤ መልስ ላይ ንገሪኝ።

ነአምን

*

ሾላ፣ ሐምሌ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ነአምኔ፣

በቅድሚያ ይቅርታ፣ ገረሱ ባለፈው ሲመለስ ደብዳቤ ሳልሰጠው ቀረሁ። ሥራ በዛብኝ። አከራያችን ደህና ነው፣ አታስብ። ጾሙም ተፈታ፣ ትሕትና እንቁላል ስትበላ ብታያት።

ጀሶውን አደረግሁት። ከሳሎኑ በር በላይ ከማዕዘኑ ተነሥቶ ወደ ኮርኒሱ የሚሄድ ቀጭን ስንጥቅ አለ፤ ፀጉር ያህል ነው። እትዬ የማርያምወርቅ ምን እንደምሠራ ሲጠይቁኝ "የቀለም ጉድለት ልሸፍን ነው" ብዬ ዋሸሁ። እሁድ ማታ ለጠፍኩት፣ ጠዋት ስነሣ ለሁለት ተከፍሏል። መሃል ለመሃል። ጥፍሬ ይገባበታል። ምናልባት ጀሶውን ስለውስ ውሃ አብዝቼበት ይሆናል፤ አንተ ታውቃለህ።

ድምፅ ስለሚባለው ነገር፣ እትዬ እንደነገሩኝ ሰሞኑን ከቡፌው ኋላ የሚንኮሻኮሽ ነገር ነበረ። ትሕትና "እማዬ፣ ግድግዳው ጥርሱን ያፋጫል" ብላ አልጋዬ ውስጥ ገባች። ወጥመድ አጠመድን፤ አይጥ አልያዘም።

ከትናንት ጀምሮ ዝም ብሏል። አንተ ዝም ሲል ሩጪ ብለሃል፤ እኔ ደግሞ አይጧ ሄዳ ይሆናል እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ። ፈርቻለሁ ነአምኔ፣ ግን ከፍርሃቱ ይልቅ ለእሳቸው እንዴት ብዬ ልንገራቸው የሚለው ነው የሚያስጨንቀኝ። ማታ ማታ እጃቸውን ዘርግተው ይመርቁኛል። የወለደችኝ እናቴ እንኳ እንደዚህ መርቃኝ አታውቅም።

ምነው አንተ በመጣህና "አይሆንም" ባልክልኝ።

ሒሩት

*

አያት፣ ሐምሌ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ነአምኔ፣

ዓርብ ከሰዓት ስልኬ ላይ ስምህን ሳይ ካምፑ ኔትወርክ መጣለት ብዬ ደስ አለኝ። አንተ ግን ሰላም እንኳ ሳትል "የት ነሽ?" አልከኝ። "ሾላ" ልል አፌን ስከፍት ዝናቡ የእትዬን ቆርቆሮ ሲደበድበው ሰማኸው መሰለኝ፤ "ማታ ለጥፈሽ ጠዋት ያየሽው እዚያው ስላደርሽ ነው፣ ልጄን ይዘሽ አሁኑኑ ውጪ" ብለህ ጮህክብኝ። በትዳራችን ጮኸህብኝ አታውቅም። ወዲያው ተቋረጠ። ማታ "ወጥተናል" ብዬ የላክሁልህ መልእክት እንደደረሰህ አይቻለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ግን ስልክህ ዝግ ነው። ስለዚህ ሁሉንም እንደ ልማዳችን በገረሱ እጅ እጽፍልሃለሁ።

አዎ፣ እዚያ ነበርን። አከራያችን ቤቱን ለልጁ ስለፈለገው ከሐምሌ በፊት ልቀቁ አለን። እትዬ ይህን ሲሰሙ "ነገ ያንቺ የሚሆን ቤት እያለ ለምን ሌላ ትከራያለሽ? ወረቀቱ እስኪያልቅ አብረን እንሁን" አሉኝ። እምቢ ለማለት ሦስት ጊዜ ሄጄ ሦስቱንም በልቼ ተመለስኩ። ከደብዳቤዬ ራስ ላይ "ሾላ" ብዬ የጻፍኩት አንተን ላለማስጨነቅ ነው። እትዬ አልጋቸውን ለቀቁልን፣ በመንገዱ በኩል ያለውን ክፍል ለእኔና ለትሕትና ሰጥተው እሳቸው ሳሎን፣ ቡፌው ሥር፣ ፍራሽ ዘርግተው ያድሩ ነበር። ደግነታቸው ያሳፍረኝ ነበር። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነው የወሰደኝ።

ከስልኩ በኋላ ለትሕትና ካፖርቷን አልብሼ በረንዳ ላይ አቆምኳት። እኔ ተመልሼ ገባሁና "እትዬ፣ ቡፌውን ላንቀሳቅሰው ነው" አልኩ። ፈቃድ አልጠየቅሁም። ብርጭቆዎቹን እያወጣሁ ወለል ላይ መደርደር ጀመርኩ። ብርጭቆ ከብርጭቆ ይጋጫል። እሳቸው ቆመው አዩኝ። ከዚያ መጥተው አብረውኝ ያወጡ ጀመር።

ሁለታችን ሆነን ጎተትነው። ነአምኔ፣ ስንጥቁ ከኮርኒስ እስከ ወለል ነው። ክንዴ እስከ ክርኔ ይገባል። ውስጡ በጨርቅ፣ በጋዜጣ፣ በአሮጌ ነጠላ ተጠቅጥቋል፤ አንዱ ሲበሰብስ በላዩ ሌላ። ከጨርቁ መሃል የባሕር ዛፍ ሥር ወጥቶ ተንጠልጥሏል። ጭቃው ቀዝቃዛ ነበር፤ እየሄደ ነበር፤ በዓይኔ አየሁት።

"አውቃለሁ ልጄ" አሉኝ። "እሱ ከሞተ ወዲህ በየክረምቱ ጨርቅ እጠቀጥቅበታለሁ። ብናገር ማን አብሮኝ ያድራል? ዝናቡን ብቻዬን መስማት ከበደኝ። እናንተን በመንገዱ በኩል ያስተኛኋችሁ፣ የመጣ እንደሆነ መጀመሪያ እኔን ያገኛል፣ እናንተ ድምፁን ሰምታችሁ ትወጣላችሁ ብዬ ነው።"

ልጮህባቸው ወይስ ልቀፋቸው አላወቅሁም። ልጄን አስይዘውብኛል፤ ግን ከልጄ ፊት ራሳቸውን አስቀድመዋል። "በሉ እንውጣ" አልኳቸው። እምቢ አሉ። "እናንተ ሂዱ፣ ሰውዬው ያሠራልኝን ቤት በዝናብ ጥዬ አልሄድም" ብለው ፍራሻቸው ላይ ተቀመጡ። ለመንኳቸው፣ እጃቸውን ጎተትኩ፣ በአባ ወልደ ሐዋርያት ስም ለመንኳቸው። አልሆነም። ትሕትና በረንዳ ላይ ማልቀስ ጀመረች። ግድግዳው ያን ዝምታውን ዝም ብሏል።

ከዚያ ምን እንዳሰብኩ አላውቅም፣ ተነሥቼ ነጠላዬን አጣፋሁና "እሺ እትዬ፣ እንግዲህ ይሸኙን" አልኳቸው። አየህ፣ ከእኚህ ሴት ደጅ እንግዳ ብቻውን ሄዶ አያውቅም። ትንሽ አመነቱ። "እስከ በር" አሉ። "መንገዱ ያንሸራትታል፣ ልጅቷን ይዣለሁ፣ ሻንጣውን ማን ይያዝልኝ?" አልኳቸው። ጃንጥላቸውን አነሡ። ታክሲው ጋ ስንደርስ "መገናኛ ድረስ፣ በዚህ ዝናብ ብቻችንን አይስደዱን" አልኩ። መገናኛ ላይ "ወደ አያት የምንሄደው ጓደኛዬ ጋ ነው፣ ከዚህ ከተመለሱ ምን አስቀይመሻቸው ነው ትለኛለች" አልኩ። መቅደላዊትን በስልክ ነግሬያት ነበርና አራተኛ ፎቅ ላይ ስንደርስ የጾም ወጥ ቀርቦ፣ ውሃ በማንቆርቆሪያ ተይዞ ጠበቀን። የቀረበላቸውን ገበታ ረግጠው መውጣት አይችሉም፤ እኔ ነኝ የማውቀው። በሉ። ሲበሉ መሸ። ሲመሽ አደሩ። በገዛ ይሉኝታቸው አስሬ ከቤታቸው አወጣኋቸው።

ሌሊት አምባዬ ደወለ። ጋራው ወርዷል። ሳሎኑ የለም፣ ቡፌው የለም። በመንገዱ በኩል ያለው፣ እኔና ልጅህ የምንተኛበት ክፍልም የለም። ድምፁን ሰምቶ ለመውጣት ጊዜ አልነበረም፣ ጎረቤቶቹ የሰሙት ከወደቀ በኋላ ነው። ትሕትናን ሌሊት እየተነሣሁ አፍንጫዋ ላይ እጄን አደርጋለሁ፤ ትንፋሿን ካልሰማሁ አልተኛም።

ለእትዬ እስካሁን አልነገርኳቸውም። በየጠዋቱ ነጠላቸውን አጣፍተው "ዛሬስ ልሂድ፣ ብርጭቆዎቹን ወለል ላይ ትተናቸዋል" ይሉኛል። እኔም "ዝናቡ ያባራ" እላለሁ።

መቅደላዊት ፊት ለፊቷ ያለው ቤት ይሸጣል ትላለች። ከኋላው ጋራ የለም፣ መስኮቱን ስትከፍት ሰማይ ብቻ ነው። ደረጃው ያደክማል፤ አንተ ግን መንገድ ለመንገድ ስትሮጥ የኖርክ ሰው ነህ፣ ምን ይሆንሃል።

አሁን የእኔን ጥያቄ መልስልኝ። ከየት ነበር የደወልክልኝ? ከኋላህ አንዲት ሴት "ሲስተር፣ የስድስት ቁጥሩ ግሉኮስ አልቋል" ስትል ሰማሁ። ካምፕ ውስጥ ሲስተር የለም። ገረሱን ጠየቅሁት፣ የመኪናውን መስታወት መወልወል ጀመረ። ንጹሕ መስታወት ነበር።

ሒሩት

ሐምሌ 16፤ ገረሱ ሊመጣ ነው፣ ይቺን ልጨምር። ዛሬ ጠዋት ለእትዬ ነገርኳቸው። እጄን ያዙና "ዓርብ ሌሊት ከአምባዬ ጋር ስታወሪ ሰምቻለሁ ልጄ። መናገሩ ሲያስጨንቅሽ አይቼ ያልሰማሁ መሰልኩ" አሉኝ። ያን ሁሉ ጠዋት ነጠላቸውን የሚያጣፉት ለእኔ ነበር። ወለሉ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ከሐዘን በላይ ፈራሁ። እኔ አንተን ላለማስጨነቅ ዋሸሁ፣ እሳቸው እኔን ላለማስጨነቅ ዝም አሉ፣ በዚህ መሃል ልጃችን ልትቀበር ነበር። ሰላምታህን አልፈልግም። የምትጽፍልኝ የመጀመሪያው መስመር እውነቱ ይሁን።

*

አርባ ምንጭ፣ ሐምሌ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ቀኝ እግሬ ከጉልበት በታች የለም።

ግንቦት መጨረሻ ላይ ለመንገዱ የቆረጥነው ጋራ ተናደ። ከቀያሹ ከናኦል ጋር ከሥሩ ቆመን እየለካን ነበር። ጠጠሩ ሲንኮሻኮሽ ሰማን፣ ከዚያ ዝም አለ። ናኦል "አለፈ" ብሎ ሳቀ። እኔን ያኔውኑ አወጡኝ፤ እሱን በማግስቱ ነው ያገኙት። ከዚያ ወዲህ እዚህ ሆስፒታል ነኝ። ካምፑ ኔትወርክ የለውም ያልኩሽ እውነት ነው፣ ካምፑ ውስጥ ግን አልነበርኩም። ድምፄን ከሰማሽ ታውቂብኛለሽ ብዬ ስልኬን ዘጋሁ። ገረሱን ያስማልኩት እኔ ነኝ፣ እሱን አትቆጪው፤ በየመንገዱ ደብዳቤሽን ሲያመጣልኝ ያለቅስ ነበር።

ዓርብ የሐምሌ ስምንቱን ደብዳቤሽን አነበብኩ። "ጠዋት ስነሣ" የሚለው ላይ ስደርስ ከአልጋዬ ወረድኩ፣ እግር እንደሌለኝ ረስቼ። ወለል ላይ ወድቄ ነው የደወልኩልሽ። ነርሷ ስትገባ ድምጿን እንዳትሰሚ ብዬ ዘጋሁት፤ እስክትጽፊልኝ ድረስ ደግሜ ለመደወል ድፍረት አጣሁ። "ወጥተናል" የሚለውን መልእክትሽን ግን ሌሊቱን ሙሉ ሳነበው አደርኩ። የናኦልን ድምፅ እየሰማሁ ነበር ያን ሁሉ ስለ ግድግዳ የጻፍኩልሽ። እያንዳንዱን ቃል ስጽፍ እፈራ ነበር፣ አሁንም እፈራለሁ፣ ሊነጋ ሲል ኮርኒሱን አያለሁ።

ስልኬን ዛሬ ከፍቼዋለሁ። ለትሕትና ግን እኔ እስክነግራት አትንገሪያት። አይ፣ ንገሪያት። ዛሬ ንገሪያት።

እትዬ የማርያምወርቅን ሳሚልኝ፤ አብረውን ይኖራሉ፣ ይህን አትጠይቂኝም። አራተኛው ፎቅ ደስ የሚል ቤት እንደሆነ ገባኝ፣ ሰማዩንም ወድጄዋለሁ። ግን ሌላ ፈልጊ። ግድግዳውን አንኳኪ፣ በሩን ክፈቺ ዝጊ፣ ጉርሻ ቢሰጡሽም ጎርሰሽ አንኳኪ። ከሁሉ አስቀድመሽ ግን ደረጃ እንዳይኖረው እዪ።

ነአምን